አወቀ በፓሪስ ቢቀር ኖሮ፦ ስለ «አዲስ ዓለም» አነባበባችንና ስለ ውጭ ሀገር የሥራ ፈቃድ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» በተነሣ ቁጥር ስለ መጽሐፉ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይዘልም። በውጭ ሀገር የተማረ ወጣት ወደ ሀገሩ ተመልሶ ጎጂ ልማድን ለማሻሻል ታገለ ይባልና ነገሩ ይዘጋል። መምህሩም ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «እናንተም እንደ አወቀ ተምራችሁ ለወገናችሁ ድረሱ» የሚል ምክር ያክልበታል። ለማስተማር ልምምድ የወጡ ዕጩ መምህራንን በምከታተልበት ጊዜ ይህንኑ ትምህርት ከክፍሉ የኋላ ወንበር ተቀምጬ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። ከዕለታት በአንዱ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አንሥታ «አወቀ እዚያው ልቅር ቢል ይፈቀድለት ነበር ወይ?» ስትል ጠየቀች። ዕጩው መምህር ጥያቄው ከርዕሱ ውጭ መሆኑን ገልጾ ወደ ማጠቃለያው አለፈ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው ከርዕሱ ውጭ አለመሆኑን፣ እንዲያውም መጽሐፉን ዛሬ እንደገና ለማንበብ ከሁሉ የተሻለው መግቢያ እርሱ መሆኑን ማሳየት ነው።

«አዲስ ዓለም» የታተመው በ1925 ዓ.ም. ነው። ደራሲው የመርሐቤቴ ተወላጅ፣ በእንጦጦ ራጉኤል የተማሩ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። አውሮፓን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ተጉዘዋል፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ የአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን የአውሮፓ ጉዞ ተከትለዋል፤ ከዚያም በኋላ ጃፓንን ጎብኝተው «ማሕደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን በ1924 ዓ.ም. አቅርበዋል። ባለታሪካቸው አወቀ የተጉለት ልጅ ነው። ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር አንባቢ ተጉለት የመጽሐፍ ስም ሳይሆን የገበያ ቀን ጎረቤት ነው፤ ይህ ብቻውን መጽሐፉን በእኛ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ልዩ ክብደት ሊሰጠው በተገባ ነበር።

አወቀ የትምህርት ፍቅር አድሮበት ወደ ፓሪስ ይሄዳል፣ ተምሮም ይመለሳል። የልብ ወለዱ ዋና ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ደራሲው የተመለሰውን ሰው በአደባባይ ንግግር አይፈትኑትም፤ በአባቱ ተስካርና በራሱ ጋብቻ እንጂ። ይህ ምርጫ የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ነው። ተስካር ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ አገር መምህር ማስረዳት አያስፈልግም። ሟች ከተቀበረ በኋላ ቤተ ሰቡ በሬውን አርዶ፣ እህሉን ጠምቆ፣ ያለው ካልበቃም ተበድሮ ካህናቱንና ጎረቤቱን ያበላል፤ የቀረ እንደሆነ ግን ሙቱን እንዳዋረደ ይቆጠራል። የተማረው ልጅ «ይህ ገንዘብ ለሌላ በጎ ሥራ ይዋል» ባለ ጊዜ የሚጣላው ከድንቁርና ጋር ብቻ አይደለም፤ ከእናቱ ኀዘን፣ ከዘመዶቹ ክብርና ከደብሩ ካህናት ገቢ ጋር ነው። ኅሩይ ራሳቸው ከቤተ ክህነት የወጡ በመሆናቸው የዚህን ጠብ ክብደት አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህም አወቀን ብቻውን አሸናፊ አድርገው አያቆሙትም፤ ጉዳዩ ወደ ሊቃውንት ጉባኤ እንዲደርስና ማሻሻያው ሥልጣን ባለው አካል እንዲወሰን ያደርጋሉ። ከውጭ የመጣ ዕውቀት በቤት ውስጥ ሕጋዊ መንገድ እስኪያገኝ ድረስ ዕውቀት ሆኖ እንደማይቆጠር የተረዱ ደራሲ መሆናቸው ከዚህ ይታወቃል።

ጉድለቱም በዚያው ልክ ግልጽ ነው። ሰዎቹ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ስብከት ይሰብካሉ፤ አወቀም ከሰውነቱ ይልቅ አርአያነቱ ይጎላል። ከሁሉ በላይ ግን ፓሪስ የለችም። አወቀ በፓሪስ ኖረ እንባላለን እንጂ የከተማዋ ብርድ፣ የእንጀራው ዋጋ፣ ወረቀቱን የሚመረምረው የፖሊስ ጸሐፊ በታሪኩ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የመሄድና የመቅረት ፈቃድ የታሪኩ ቋጠሮ ሆኖ አይገኝም። አወቀ የሚመለሰው መመለስ የተማረ ሰው ባሕርይ ስለሆነ ነው። በሌላ አነጋገር ደራሲው የመመለስን ዋጋ በጥልቀት አሳይተውን የመቅረትን ዋጋ ጨርሶ አልነገሩንም። አለመምረጥ ደግሞ ምርጫ አይደለም። ሊቀር ይችል እንደ ነበረ ያልተነገረን ሰው ስለ ተመለሰ ሊመሰገን የሚገባው ምን ያህል እንደሆነ አንባቢው መመዘን ይቸገራል።

ለዚህ ዝምታ የዘመኑ ሁኔታ ጥቂት ይቅርታ ያሰጠዋል። ከፋሺስት ወረራ በፊት ወደ ውጭ ሄደው የተማሩት ኢትዮጵያውያን በሁለት መቶ ያህል የሚገመቱ ሲሆን ለአብዛኞቹ በሀገር ውስጥ የሚጠብቃቸው ሹመት ነበር። የኅሩይ ልጆች ፈቃደ ሥላሴና ሲራክ በእንግሊዝ አገር፣ አንዱ በካምብሪጅ ሌላው በኦክስፎርድ ተምረዋል። ፈቃደ ሥላሴ ተመልሶ በፋሺስቶች እጅ ሞተ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረው ትውልድ እየተለቀመ ሲገደል አባትየው በስደት እንግሊዝ አገር ነበሩ፤ እዚያው ባዝ ከተማ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ። የመመለስን መጽሐፍ የጻፉ ሰው ራሳቸው መመለስ ሳይችሉ መሞታቸውን ተማሪዎቻችን ቢያውቁ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ያነቡት ነበር።

ሆኖም ፓሪስ ያን ጊዜም ቢሆን የተከፈተ በር አልነበረችም። የፈረንሳይ መንግሥት የሀገሩን ሠራተኛ ለመከላከል ያወጣው ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1932 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 4 ቀን 1924 ዓ.ም. ማለት ነው። «አዲስ ዓለም» የታተመበት ዓመት ሊብት አንድ ወር ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። ሕጉ በየሥራው መስክ የሚቀጠሩ የውጭ ሰዎች ቁጥር ከተወሰነ ድርሻ እንዳይበልጥ ያዘዘ ሲሆን በተከታዩ ዓመት የሕክምና ሥራ ለፈረንሳይ ዜጎች እንዲወሰን የሚያደርግ ሌላ ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ የውጭ ሀገር ነጋዴ ልዩ መታወቂያ ካርድ ሳይዝ በፈረንሳይ መነገድ እንዳይችል ተደነገገ። እንግዲህ አወቀ ሐኪም ሆኖ፣ ጸሐፊ ሆኖ፣ ወይም ነጋዴ ሆኖ በፓሪስ ልቅር ብሎ ቢሆን ኖሮ ከፊቱ እነዚህ ሦስት በሮች አንድ በአንድ ሲዘጉ ባየ ነበር። የተማሪዋ ጥያቄ ታሪካዊ መልስ አለው፤ ፈቃዱ ነበረ ማለት አይቻልም፣ የነበረውም እየጠበበ ይሄድ ነበር።

የመግቢያ ፈቃድ ፈረንጅ የፈጠረው ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የአንኮበርን ታሪክ ያስታውስ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ የውጭ ሀገር ሰው በቆላው በኩል ፋሬና አልዩ አምባ ደርሶ የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣለት ይቆያል እንጂ በቀጥታ ወደ አንኮበር አይወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የመጣው ሻምበል ሐሪስም በዚሁ ደጅ ጠንቷል፤ የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። በንጉሥ ምኒልክ ጊዜም የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር ከአንኮበር አጠገብ የምርምር ጣቢያ ያቆመው ንጉሡ ፈቅደው በሰጡት መሬት ላይ ነው። የአልዩ አምባን ገበያ የሚያውቅ ልጅ፣ ነጋዴ ከሆነ እንግዳ ጥቅም እየፈለጉ የሚቆይበትን ቀን ግን መቁጠር ከአያቶቹ የወረሰው አሠራር መሆኑን በቀላሉ ይገባዋል።

የውጭ ተማሪ በብዛት የመቅረቱ ጉዳይ ለሀገራችን የመጣው ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ነው። በአሜሪካ የነበሩ ተማሪዎች መመለስ ባስፈራቸው ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በ1969 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን በግዴታ ከመመለስ የሚያቆይ ጊዜያዊ ውሳኔ ሰጠ፤ በ1972 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ለብዙዎቹ ቋሚ መኖሪያ ማግኛ መንገድ ሆነ። በዚያን ጊዜ የተማሪነት ወረቀት ወደ መኖሪያ ወረቀት የተለወጠው በፖለቲካ ምክንያት ነበር። ከዚያ የተወረሰው እምነት ግን ምክንያቱ ከተለወጠ በኋላም ቀጥሏል። «ብቻ ትግባ፤ ከገባች በኋላ ወረቀቱ ይገኛል» የሚለው አነጋገር በደብረ ብርሃን ሻይ ቤቶች እስከ ዛሬ ይሰማል።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከአንኮበር በኩል የመጡ አንድ አባት አንድ ፖስታ ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ልጃቸው በካናዳ አንድ ኮሌጅ ለሁለት ዓመት የንግድ ሥራ ዲፕሎማ ተቀባይነት ማግኘቷን የሚገልጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ደላላ በሰጣቸው ቃል መሠረት የባሕር ዛፋቸውን ለመሸጥ ከገዥ ጋር ተነጋግረዋል፤ በሬዎቹም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ደብዳቤውን መስመር በመስመር በአማርኛ አነበብኩላቸው፤ የትምህርቱ ክፍያ፣ የሚጀመርበት ቀን፣ የጤና መድኅን። ሲያበቃ ጥቂት ዝም ብለው «መምህር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ የለም» አልኳቸው።

«ሰውየው ግን አለበት ብሎናል፤ ከትምህርቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው ብሎናል» አሉ።

ደላላውን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት በእኛ ክፍሎች ተቀምጣለች፤ እንግሊዝኛ ተምራለች፤ ኢኮኖሚክስም ተምራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የቅበላ ደብዳቤ፣ የተማሪ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ የሚሰጧቸውም የተለያዩ አካላት መሆናቸውን የነገራት አልነበረም። የነገርናት የአወቀን ታሪክ ነው፤ ያም ቢሆን ግማሹን።

ስለ ልጅቷ ጉዳይ ሕጉ ምን ይላል? ካናዳ የውጭ ተማሪዎችን ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥታ በኮታ ወስናለች። አመልካቹ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ወጪ ሌላ ለአንድ ዓመት መኖሪያ እንዲያሳይ የሚጠየቀው ገንዘብ በዚያው ዓመት 20,635 የካናዳ ዶላር ሆኖ ሳለ ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 22,895 ከፍ ብሏል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላው ነው። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድ ለማግኘት፣ ከኅዳር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተማሪ ፈቃድ ያመለከቱ የኮሌጅ ዲፕሎማ ተማሪዎች የተማሩት ሙያ መንግሥት ሠራተኛ ይጎድለኛል ብሎ ከዘረዘራቸው መስኮች ውስጥ መሆን አለበት፤ እንደ ጤና፣ ግብርናና የእጅ ሙያ ያሉት በዝርዝሩ ውስጥ ሲገኙ የተለመደው የንግድ ሥራ ዲፕሎማ ግን የለበትም። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪና ማስተርስ ይህ የሙያ መስክ ግዴታ አይሠራም፤ የማስተርስ ተመራቂ እንዲያውም እስከ ሦስት ዓመት ሊፈቀድለት ይችላል። እንግዲህ «ቢዝነስ» የሚለው አንድ ቃል በአንዱ ደብዳቤ ላይ የሦስት ዓመት ሥራ፣ በሌላው ላይ የአውሮፕላን መመለሻ ትኬት ማለት ነው። የባሕር ዛፉ ዋጋ የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነበር።

የሌሎቹም ሀገሮች ነገር ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ በየአንዳንዱ ላይ መዘግየት አያስፈልግም። እንግሊዝ ከምረቃ በኋላ የመሥራት ፈቃድን እ.ኤ.አ. በ2012 አንሥታ በ2021 መልሳ የሁለት ዓመት አድርጋ ሰጠች፤ ከጥር 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ የዲግሪና የማስተርስ ተመራቂዎች ወደ አሥራ ስምንት ወር እንዲያጥር ወስናለች። ጀርመን ለተመራቂ ሥራ መፈለጊያ አሥራ ስምንት ወር ትሰጣለች። አሜሪካ ለተመረቀ የውጭ ተማሪ የአሥራ ሁለት ወር የተግባር ልምምድ ትፈቅዳለች፤ የተማረው ትምህርት በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስና ወይም በሒሳብ ምድብ የተመዘገበ ከሆነ ሃያ አራት ወር ይጨመርለታል። አንዳንድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች የማስተርስ ፕሮግራማቸውን በዚህ ምድብ ያስመዘገቡት ስለዚህ ነው፤ በስማቸው የሚመሳሰሉ ሁለት የንግድ አስተዳደር ዲግሪዎች አንዱ አንድ ዓመት፣ ሌላው ሦስት ዓመት ያስገኛሉ። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው «ኤች ዋን ቢ» የተባለው የባለሙያ ቪዛ በዓመት 65,000፣ በዚያው አገር ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ብቻ ሲሆን ጠያቂው ከቁጥሩ ስለሚበልጥ በዕጣ ይለያል። በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. በወጣ አዋጅ መሠረት ከሀገሩ ውጭ ላለ አዲስ ሠራተኛ የሚያመለክት ቀጣሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ታዝዟል። አንድ ተማሪ ትምህርቱን ሲጀምር የነበረው ሕግ ሲጨርስ ላይጠብቀው እንደሚችል ከእነዚህ ዓመታት ዝርዝር በላይ የሚያስረዳ የለም።

እዚህ ላይ ከተጉለት ወደ ደብረ ሲና ብንሻገር የኅሩይን መጽሐፍ የሚሞላ ሌላ ሥራ እናገኛለን። የደብረ ሲናው ተወላጅ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «አደፍርስ» ባለታሪኩን ወደ ባሕር ማዶ አይልከውም። አደፍርስ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደዚሁ ወደ እኛ ተራሮች የመጣ ወጣት ነው። ሆኖም ከወይዘሮ አሰጋሽ ቤትና ከአካባቢው ሰው ጋር ሲነጋገር ያለው ርቀት አወቀ ከፓሪስ ሲመለስ ከነበረው ይበልጣል። የሚናገረው ትክክል ነው፤ የሚሰማው ግን የለም፤ በመጨረሻም ያሰበውን ሳይፈጽም ይቀጫል። ዳኛቸው የሰውን አነጋገር በመያዝ ከኅሩይ በብዙ ይልቃሉ፤ የገጠሩ ሰው በ«አደፍርስ» ውስጥ ማሻሻያ የሚጠብቅ ሕዝብ ሳይሆን መልስ ያለው ሰው ነው። አጻጻፋቸው ከባድ ነው ተብሎ መጽሐፉን ከክፍል ማራቃችን የሚያሳዝን ነው። ደራሲው ራሳቸው በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ የጽሕፈት ጥበብ ተምረው የተመለሱ ሲሆን በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድም እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደን ታትሟል። ውጭ የተማሩ ሰው ያልወጣ ተማሪን እንደ ስደተኛ አድርገው መሳላቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ የሚደርስበት ሐሳብ ከመምህሩ ምክር የተለየ ነው። የተማረ ሰው ከሁለቱም በኩል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ውጭ ለመቅረት ከባዕድ መንግሥት የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሀገሩ ለመሥራት ደግሞ ወረቀት የሌለው፣ ግን ያላነሰ ፈቃድ ከቤተ ሰቡ፣ ከመሥሪያ ቤቱና ከሰፈሩ ይጠይቃል። ኅሩይ ሁለተኛውን ፈቃድ ተስካር በሚል ስም አሳዩን። አንደኛውን ለማሳየት ግን ዛሬ በእጃችን ያለው የቅበላ ደብዳቤው ነው፤ እርሱም እንደ ጽሑፍ በክፍል ውስጥ መነበብ የሚችልና የሚገባው ነው።

የዕቅድ ባለሙያዎቻችን ይህን ሲሰሙ ትምህርት ቤት የስደት ማሠልጠኛ ሊሆን ነው ወይ ብለው ይሠጉ ይሆናል። ሥጋቱ ይገባኛል፤ ግን ከእውነቱ ጋር አይሄድም። ልጆቹ ይሄዳሉ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ትምህርቱ ሲቋረጥ የቤተ ሰቡ ዓይን ወደ ውጭ መዞሩ ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። በተዘጋ ክፍል ፊት ቆሞ ስለ አወቀ መመለስ መስበክ ለሰሚው መራራ ነው። በሌላ በኩል ደብረ ብርሃን ባለ ሙያ የማይፈለግባት ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ ከተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ አንሥቶ እስከ ቢራ ፋብሪካዎቹና በ2011 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ ሒሳብ የሚይዝ፣ ዕቃ የሚገዛ፣ ገበያ የሚያጠና ሰው ይፈለጋል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሙያ ያስመርቃል። የንግድ ሥራ ትምህርት ለሀገራችን አዲስ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው ገና በ1935 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በሀገር ያለውን ዕድልና በውጭ ያለውን ዕድል በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማሳየት ይቻላል። ሚዛኑን የሚያበላሸው አንደኛውን በስብከት ሌላውን በደላላ አፍ መስማት ነው።

የሀገራችንም ሕግ በዚህ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለውጭ ሀገር ሰው የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ሥራ፣ በመሠረቱ ለሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ እየታደሰ መሆኑን ይደነግጋል። የእኛን የቆይታ ቆጠራ ያነበበ ተማሪ የካናዳን ቆጠራ እንደ ጥላቻ አይቆጥረውም። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደሚያጣ ሲናገር፣ ከእርሱ ቀደም ብሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነ የውጭ ዜጋ ያለ መግቢያ ቪዛ እንዲገባና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ይህንኑ ነው። በምርጫ መምረጥና በመከላከያ፣ በጸጥታ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ግን አይችልም። እንግዲህ አወቀ በፓሪስ ቀርቶ የልጅ ልጁ ዛሬ ወደ ተጉለት ቢመጣ የአያቱን አገር ያለ ቪዛ ይገባባታል፣ ፋብሪካም ይከፍትባታል፤ ስለ አገሩ ጉዳይ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም። ኅሩይ ይህን ቢያዩ ሌላ ምዕራፍ በጻፉ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ተስካሩ ላይ መናገር እንኳ ይፈቀድለት እንደሆነ ዘመዶቹ የሚከራከሩበት ምዕራፍ።

በክፍል ውስጥ ይህን ለማድረግ አዲስ የትምህርት ዓይነት መክፈት አያሻም፤ በአንዳንድ ስብሰባ ላይ እንደ ሰማሁት አዲስ ማንዋል ማዘጋጀትም ገንዘብ መፍጀት ነው። የአማርኛ መምህሩ «አዲስ ዓለም»ን ባስተማረበት ሳምንት የእንግሊዝኛ መምህሩ እውነተኛ የቅበላ ደብዳቤ፣ ስሙና የትምህርት ቤቱ ስም ተሰርዞ፣ ለተማሪዎቹ ቢያቀርብና «ይህ ወረቀት ምን ይሰጣል? ምን አይሰጥም? ያልሰጠውን የሚሰጠው ማነው? እስከ መቼስ ይቆያል?» ብሎ ቢያስጠይቅ ይበቃል። የሒሳብ መምህሩ የሚታየውን ገንዘብ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ለውጦ የስንት በሬ ዋጋ እንደሆነ ያሰላ። ሕጉ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ በመሆኑ መምህሩ መልሱን በቃሉ ሊይዝ አይጠበቅበትም፤ ጥያቄዎቹ ግን አይለወጡም። ይህን በሁለት ቡድን ዕጩ መምህራን ሞክሬዋለሁ። ከደብዳቤው በኋላ ወደ ልብ ወለዱ ሲመለሱ የመጀመሪያው ክርክራቸው አወቀ ጥሩ ሰው ነው አይደለም የሚል ሳይሆን የትምህርቱን ወጪ ማን ከፈለ፣ ባይመለስ ማን ይጠይቀው ነበር የሚል ሆነ። አንዱ ዕጩ እንዲያውም የተስካሩን ወጪና የዛሬውን የጉዞ ወጪ አነጻጽሮ ሁለቱም ቤተ ሰብን በዕዳ የሚያስገቡት «ሰው ምን ይለናል» በሚል መሆኑን ጻፈ። ከዚህ የተሻለ የመጽሐፉ ሂስ ከማንም አላነበብኩም።

ወደ አንኮበሩ አባት ልመለስ። በዚያ ቀን ደብዳቤው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አራት አጥፈው ከፖስታው ጋር ሳይሆን ለብቻው በደረት ኪሳቸው አስቀመጡት። በሳምንቱ ልጅቷ ራሷ መጣች። ባሕር ዛፉ ተሽጧል፤ በሬዎቹ ግን አልተሸጡም። የመሄድ ሐሳቧን አልተወችም፤ የኮሌጁን ዲፕሎማ ትታ በመጀመሪያ እዚሁ ደብረ ብርሃን የሒሳብ አያያዝ ዲግሪዋን ለመያዝ፣ ከዚያ በኋላ ለማስተርስ ለማመልከት ወስናለች። የመጣችውም የሥራ ፈቃዱ ሕግ እስከዚያ ድረስ ሊለወጥ ይችል እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነበር።